«ገንዘብ ከሰጠኸው ይጠጣበታል»፦ ስለ ድህነት ቅነሳ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስለ ድህነት ወሬ ሲነሳ አንድ አባባል አይቀርም። «ለድሃ ጥሬ ገንዘብ ከሰጠኸው ይጠጣበታል።» ቀና ሰዎች ሳይቀሩ ሲሉት እሰማለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል። ነገሩ ተጠንቶ መልስ ያገኘ ነውና።

የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ ታዳጊ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። የገንዘብ ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦች ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡት፣ ከጥቂት ውጤቶች በቀር፣ ወይ ባለበት ቆሟል ወይ ቀንሷል። ልጇ የተራበባት እናት ገንዘብ እጇ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ መገመት ከባድ አይደለም።

ሜክሲኮ በ1997 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፕሮግሬሳ የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ገንዘቡን ለእናቶች የሰጠችውም ለዚህ ነው። በምላሹ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ፣ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲታይ ይጠበቅ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች የሚከፈለው ከወንዶቹ ከፍ ይል ነበር፤ ቶሎ የሚያቋርጡት እነሱ ነበሩ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር ጨመረ፤ ይበልጥ የጨመረው ደግሞ የሴቶቹ ነው። ብራዚልም በ2003 ቦልሳ ፋሚሊያ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀመረች።

«እሺ አይጠጡበትም፤ ግን ይሰንፋሉ» የሚልም አለ። በስድስት ታዳጊ አገሮች የተካሄዱ ሰባት ፕሮግራሞች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ሰዎቹ ሥራ መቀነሳቸውን የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አልተገኘም። ብዙ ሰው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ስንፍና ይዞት ሳይሆን መነሻ አጥቶ ነው።

«ነዳጅ ከተደጎመ ድሃው ይጠቀማል።» ይሄኛው ለማመን ቀላል ነው። ግን ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ማነው? ባለመኪናው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት እንዳሰላው፣ በታዳጊ አገሮች ከሕዝቡ እጅግ ሀብታም የሆነው አንድ አምስተኛ ከነዳጅ ድጎማ የሚያገኘው፣ በአማካይ እጅግ ድሃው አንድ አምስተኛ ከሚያገኘው በስድስት እጥፍ ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ድጎማው በአንድ ሌሊት ይነሳ ማለት አይደለም። የትራንስፖርትና የምግብ ዋጋ ሲንር መጀመሪያ የሚጎዳው ያው ድሃው ነው። ኢንዶኔዥያ በ2005 የነዳጅ ዋጋ ስትጨምር፣ ጎን ለጎን ከ15 ሚሊዮን ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ሰጥታለች። ድጎማ ለማንሳት ያሰበ መንግሥት ቢያንስ ይህን ማድረግ አለበት ባይ ነኝ።

«ኢኮኖሚው ካደገ ሌላው ይስተካከላል» ለሚሉ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒን ማየት ይበቃል። ነዳጅ ዘይት የነፍስ ወከፍ ገቢዋን ሰማይ ሲያደርሰው ብዙ ሕዝቧ ድሃ ሆኖ ቀረ። ቻይና ግን ከ1978 ወዲህ ለውጡን የጀመረችው ከገበሬው ማሳ ነው። በአርባ ዓመት ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከከፋ ድህነት ወጥቷል።

የመጨረሻው፣ «አነስተኛ ብድር ሁሉንም ከድህነት ያወጣል» የሚለው ነው። የባንግላዴሹ ሙሐመድ ዩኑስና እሱ የመሠረተው፣ ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠው ግራሚን ባንክ በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2015 ከቦስኒያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድ፣ ከሜክሲኮ፣ ከሞንጎሊያና ከሞሮኮ የወጡ ጥናቶች ግን ለውጡ መጠነኛ መሆኑን አሳዩ። ብድር መጥፎ ነው አልልም፤ ንግድ ለያዘ ሰው ይጠቅማል። ምንም ጥሪት ለሌለው ግን ዕዳ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ የልማት ድርጅት በ2002 ሌላ መንገድ ጀመረ። ከብት ወይም ሌላ ጥሪት ይሰጠዋል፤ ለጊዜው የቀለብ ገንዘብ ይጨመርለታል፤ ይሠለጥናል፤ ባለሙያም ቤቱ ድረስ እየመጣ ያየዋል። ይህ በስድስት አገሮች ተሞክሮ፣ ድጋፉ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ የተሻለ እየበሉ፣ የተሻለ እያገኙ ነበር።