ባን ቹንግ ኬክ አይደለም

የቬትናም አዲስ ዓመት፣ ቴት፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይውላል። ያኔ በየቤቱ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ጥቅል ይቀርባል። ስሙ ባን ቹንግ ነው። ስለሱ የሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«የሩዝ ኬክ ነው፣ ስለዚህ ስኳር አለው።» የለውም። ያሳሳተው ትርጉሙ ነው። ቬትናሞች «ባን» ሲሉ ዳቦውንም ኬኩንም ማለታቸው ሊሆን ይችላል። የባን ቹንግ ውስጡ ተጣባቂ ሩዝ፣ የተከካ ማሾ፣ ስብ ያለው የአሳማ ሥጋና ቁንዶ በርበሬ ነው።

«ያለ አሳማ ሥጋ አይሠራም።» ይሠራል። ሥጋ የማይበሉ ቡዲስቶች በማሾ ብቻ የሚሠሩት አለ። ለጾመኛም የሚሆን ነው።

«ቅጠሉ መጠቅለያ ብቻ ነው።» ይሄኛው ያናድደኛል። ቅጠሉ አይበላም፣ እውነት ነው። ግን ሩዙን አረንጓዴ የሚያደርገውና ያን ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ የበላ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የቅጠሉ ጅማት ዳቦው ላይ ታትሞ እንደሚቀር፣ እዚህም ሩዙ ላይ ይቀራል።

«ሩዝ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል።» ለመቀቀል ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል! ቤተሰቡ ሌሊቱን ድስቱን ከቦ ያድራል፤ ውሃው ሲጎድል የፈላ ውሃ ይጨመራል። ሲወጣ ደግሞ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ከባድ ነገር ይጫንበታል።

«የሚጣበቀው ግሉተን ስላለው ነው።» ግሉተን ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ሩዝ የለውም። የሚያጣብቀው አሚሎፔክቲን የሚባል የስታርች ዓይነት ነው።

«ቅርጹ ዝም ብሎ የመጣ ነው።» አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ንጉሥ ሁንግ ምርጡን ስጦታ ላመጣ ልጁ ዙፋኑን ሊያወርስ ቃል ገባ። ድሃው ልዑል ላንግ ሊዩ ሩዝ ብቻ ነበረው። አራት ማዕዘኑን በምድር፣ ባን ዛይ የሚባለውን ክብ የሩዝ ምግብ ደግሞ በሰማይ አምሳል ሠርቶ አቀረበ። ዙፋኑንም ወሰደ። በደቡብ ቬትናም ግን በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው ረዘም ያለ ድብልብሉ ባን ቴት ነው የሚወደደው።

«በቢላዋ ይቆረጣል።» ሩዙ ቢላዋው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የታሰረበትን የቀርከሃ ልጥ ይጠቀማሉ። አንዱን ጎን ይገልጣሉ፣ ልጦቹን እንደ ኮከብ አቋርጠው ያነጥፉበታል፣ ሳህን ላይ ይገለብጡታል። የቀረውን ቅጠል ይልጡና የልጦቹን ጫፍ ወደ ላይ ይስባሉ። ስምንት ቁራሽ ይሆናል። በየቁራሹ መሃል ቢጫው ማሾና ሥጋው ይታያል።