የሴሊና ልጆች

አንዲት አገልጋይ እህት ልጇ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅባት «መጀመሪያ የራሷን ቤት ብታስተካክል ምን አለ?» ማለት ይቀናናል። የሳሙኤል ልጆች እንኳ በአባታቸው መንገድ አለመሄዳቸውን እናነባለን፤ ሰው ላይ ስንፈርድ ግን እንረሳዋለን።

ሀብቷን ለወንጌል አገልግሎት የሰጠችውን ሴሊና ሄስቲንግስን ተመልከቱ። በ1707 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ባላባቶች ተወልዳ በ1728 የሀንቲንግደኑን ባላባት ቴዎፍሎስን አገባች፤ ሰባት ልጆችም ወለዱ። ወንጌል ወደ ቤታቸው የገባው በባሏ እህት በማርጋሬት በኩል ነው። ሴሊና በመልካም ሥራዋ ተማምና ትኖር ነበር፤ ማርጋሬት በጌታ ያገኘችውን ደስታ ስትነግራት ግን እርሷ ዘንድ እንደሌለ ታወቃት።

ካመነች በኋላ መከራው ቀለለላት? በ1743 ልጆቿን ጆርጅንና ፈርዲናንዶን ፈንጣጣ ነጠቃት። በ1746 ባሏ ሞተ። በስሟ የጠራቻትን ልጇንም በ1763 ቀበረች። በእነዚህ ዓመታት መካከል ጌጣጌጧን ሸጣ በብራይተን ጸሎት ቤት አሠራች፤ በ1768 ደግሞ በዌልስ፣ ትሬቬካ፣ የሰባኪዎች ማሠልጠኛ ከፈተች። ዘመዷ የፈረርስ ባላባት የንብረቱን አስተዳዳሪ ገድሎ ሞት ሲፈረድበት፣ ሳታፍርበት እስር ቤት ሄዳ ጠይቃዋለች።

የበኩር ልጇ ፍራንሲስ ግን እምነቷን አልተቀበለም። የተጠጋው በዓለማዊ ጥበቡ የታወቀውን ፖለቲከኛ ሎርድ ቼስተርፊልድን ነበር። የሚገርመው፣ ቼስተርፊልድ ራሱ በሴሊና ሳሎን ተቀምጦ የታዋቂውን ሰባኪ የጆርጅ ኋይትፊልድን ስብከት የሰማ ሰው ነው። የለንደን ሹማምንት ወንጌል በሚሰሙበት ቤት የበኩር የሆነው ልጅ ሳያምን ኖረ፤ በ1789 ከእናቱ ቀድሞ ሞተ። በዚህ እርሷን የሚወቅስ ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። እምነት እንደ ርስት አይወረስም።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት በአሜሪካ፣ ጆርጂያ የነበረውን የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ከነመሬቱና ከነባሪያዎቹ አወረሳት። እርሷም ነጻ አላወጣቻቸውም። ልጆቿን የቀበረች እናት፣ ልጆቻቸው እንደ ከብት ሊሸጡባቸው የሚችሉ እናቶች ባለቤት ሆነች። መጽሐፍ ቅዱሷን በሚገባ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ጳውሎስ፣ ፊልሞና ባሪያው የነበረውን አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው የለመነበት መልእክትም በውስጡ ነበር።