«ተጨባበጡና ይለፍ»፦ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ስለ እርቅና ፍትሕ የሚነገሩ ስህተቶች

በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ እርቅና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ብዙ ይወራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱ ተለያይተው ነው የሚነሱት። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

«እርቅ ማለት ያለፈውን መርሳት ነው»

ይህን ምክር የሚሰማው ሁሌም የተበደለው ሰው ነው። አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ በዘሯ ተሰደበች እንበል። አቤት ስትል ኃላፊው ሁለቱንም ቢሮ ይጠራቸዋል። «በሉ ተጨባበጡና ይለፍ» ይላል። ይጨባበጣሉ። ተሳዳቢው እፎይ ብሎ ይወጣል። እሷ ግን በማግስቱ መጨረሻ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጥያቄ ለመጠየቅም እጇን አታወጣም። ፋይሉ ተዘጋ እንጂ እርቅ አልወረደም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ንስሐ የምታስተምረው ሌላ ነው። መጸጸት አለ፣ ጥፋትን መናዘዝ አለ፣ የተጎዳውን መካስ አለ። ዘኬዎስ እንኳ «የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት «ፍራቴሊ ቱቲ» መልእክታቸው፣ ይቅር ማለት ጨቋኙ መጨቆኑን እንዲቀጥል መፍቀድ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል።

«የድሮ በደል የዛሬዎቹን አይመለከትም»

እዚህ ላይ የአሜሪካውን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ዩኒቨርሲቲውን ያስተዳድሩ የነበሩት የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር አባላት) በባርነት የያዟቸውን ከ270 በላይ ሰዎች ሸጡ። ከገንዘቡ የተወሰነው የዩኒቨርሲቲውን ዕዳ ለመክፈል ዋለ። ሽያጩን የመሩት ቄስ ስም ግን ግቢው ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ ለብዙ ዘመን ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒቨርሲቲውና ኢየሱሳውያኑ በተሸጡት ሰዎች ዘሮች ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ሕንፃውም አይዛክ ሆኪንስ ተባለ። አይዛክ በሽያጩ ሰነድ ላይ ስሙ መጀመሪያ የተጻፈው ሰው ነው። በ2019 ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለተሸጡት ሰዎች ዘሮች የሚውል በየሴሚስተሩ 27.20 ዶላር ለመክፈል በብዙ ድምፅ ደገፉ። ማናቸውም በ1838 አልነበሩም። ግን የሚማሩበት ግቢ ያንን ገንዘብ በልቷል። ስሙን የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል።

«ማኅበራዊ ፍትሕ ፖለቲካ ነው፤ እምነትን ምን አገባው?»

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ስለ ሠራተኛ ፍትሐዊ ደመወዝና ስለ መደራጀት መብት «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለውን መልእክት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ጉዳዩ አዲስ ፋሽን አይደለም።

ዋጋ የተከፈለበትም ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1989 የኤል ሳልቫዶር ወታደሮች ሳን ሳልቫዶር ወደሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡ። የዩኒቨርሲቲውን መሪ (ሬክተር) ኢግናሲዮ ኤላኩሪያን ጨምሮ ስድስት ኢየሱሳውያንን፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛቸውንና ልጇን ገደሉ። ኤላኩሪያ የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት በድርድር እንዲያልቅ ይወተውት ነበር። ለድሆች መቆምና ለሰላም መሥራት ለእሱ አንድ ሥራ ነበር።

ይህን ታሪክ በየዓመቱ እየዘከሩ፣ ማለዳ ኮሪደሩን የምታጸዳዋን ሴት ደመወዝ አለመጠየቅ ግን ያሳዝነኛል። ለድሆች ምግብ ማደል መልካም ነው፤ ለራስ ሠራተኛ በወጉ መክፈል ግን ይቀድማል።

«ካቶሊክ ያልሆነ ሰው አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ሕገ ደንብ «ኤክስ ኮርዴ ኤክሌሲኤ» የእያንዳንዱ ሰው የኅሊና ነፃነት ሙሉ በሙሉ እንዲከበር ያዝዛል። «እያንዳንዱ ሰው» ሲባል ካቶሊክ ያልሆነውም አለበት።

«አስታራቂው አለቀ ካለ አለቀ»

እርቅ መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው የተጎዳው ነው። ይቅርታ በትእዛዝ አይገኝም። ስለዚህ ያ ኃላፊ ከማጨባበጡ በፊት ልጅቷን ለብቻዋ አስቀምጦ «ምን ቢደረግ ነው ወደ ቦታሽ የምትመለሺው?» ይበላት። ከዚያ የጠየቀችውን ያድርግ። ቀስ እያለች ወደ ፊት ወንበር መመለሷን፣ እጇን ማውጣቷን ደግሞ መምህሩ ይከታተል።