ጄምስ ክላርክ ማክስዌል፣ ቁጥር ሲያሰላ ብርሃን ላይ የደረሰው ሰው

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ከ1831 እስከ 1879 የኖረ ስኮትላንዳዊ የፊዚክስና የሂሳብ ሊቅ ነው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤሌክትሪክ፣ ማግኔትና ብርሃን ለየብቻ ሳይሆኑ የአንድ ነገር መልኮች መሆናቸውን ያሳየን እሱ ነው። ኒውተንንና አንስታይንን ማንም ያውቃቸዋል፣ ማክስዌልን ግን ፊዚክስ ከተማረ ሰው ውጪ ብዙም ሚያነሳው የለም፣ እኔ ደሞ ይሄ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል።

የተወለደው ኤድንብራ ነው፣ ያደገው ግን ደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንሌር በሚባል የአባቱ ርስት ላይ ነው። ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ቤት ውስጥ ያለውን በር፣ ቁልፍ፣ የደወል ሽቦ ሁሉ እንዴት እንደሚሰራ ሳይነገረው አይለቅም ነበር፣ ለማለት ያህል የተሰጠው መልስ ደሞ አያጠግበውም፣ መልሶ በደንብ ንገሩኝ ይላል። 8 አመቱ ላይ እናቱ በሆድ ካንሰር ሞተችበት። 10 አመቱ ላይ ኤድንብራ ትምህርት ቤት ሲገባ አባቱ ራሱ አስቦ ያሰራለትን ልብስና ጫማ ለብሶ ሄደ፣ የከተማ ልጆች መቼም ታውቋቸዋላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ልብሱን ቀዳደው ላኩት፣ ቅጽል ስምም አወጡለት፣ ትርጉሙ ጅላጅል እንደማለት ነው።

ያ ጅላጅል የተባለው ልጅ 14 አመቱ ላይ ምን ሰራ መሰላችሁ። አንድ ስፒል ወረቀት ላይ ተክላችሁ በክር ብታዞሩ ክብ ይወጣል፣ ሁለት ስፒል ከሆነ ደሞ ሞላላ ይወጣል፣ ይሄን ድሮም ሰው ያውቀዋል። እሱ ግን ክሩን አንዱ ስፒል ላይ አንዴ ሌላኛው ላይ ሁለቴ ሶስቴ እየጠመጠመ ሌላ አይነት የእንቁላል ቅርጾች አወጣ፣ ከነሂሳባቸው። ጽሁፉ በ1846 ኤድንብራ በሚገኘው የሳይንስ ማህበር ፊት ተነበበ፣ ያነበበው ግን እሱ ሳይሆን ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ነው፣ ልጁ እዛ ቆሞ ለመናገር ገና ነው ተብሎ።

ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ካምብሪጅ ተማረና 25 አመቱ ላይ አበርዲን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። እዛ እያለ ነው ሳተርን የምትባለውን ፕላኔት የከበበውን ቀለበት ጉዳይ የፈታው። ጥያቄው ቀለበቱ ጠጣር ነው፣ ፈሳሽ ነው ወይስ ምንድነው ሚል ነበር፣ ማክስዌል ደሞ ጠጣር ቢሆን ሚዛኑን ስቶ ይሰባበራል፣ ፈሳሽም ቢሆን ተቆራርጦ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ለየብቻቸው የሚዞሩ እጅግ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች መሆን አለባቸው አለ፣ በሂሳብ ብቻ። ለዚህ ስራው በ1857 የካምብሪጅን የአዳምስ ሽልማት ወሰደ። በ1895 ጄምስ ኪለር የሚባል አሜሪካዊ የቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል ከውጨኛው ፈጥኖ እንደሚዞር በብርሃን ልኬት አሳየና የማክስዌል ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። ከሽልማቱ ሶስት አመት በኋላ ግን አበርዲን ያሉት ሁለት ኮሌጆች ሲዋሀዱ ወንበሩን አጣ፣ ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሄደ።

ቀለምም ላይ ሰርቷል። በ1861 ባለ ብዙ ቀለም ሪባን ሶስት ጊዜ ፎቶ አስነሳ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ፣ ከዛ ሶስቱን ምስሎች በየቀለማቸው ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ደራርቦ ሲያሳይ የሪባኑ ቀለም ወጣ። አሁን ይሄን የምታነቡበት ስክሪንም በነዚሁ ሶስት ቀለማት ነጠብጣብ ነው ሚሰራው።

ዋናው ስራው ግን ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከማይክል ፋራዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ፋራዳይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ መጽሐፍ ጥረዛ ቤት የሰራ፣ ሂሳብ ብዙም ያልተማረ፣ ግን ማግኔት ላይ ወረቀት ዘርግቶ የብረት ብናኝ ሲነሰንስበት የሚታዩት መስመሮች ባዶው ቦታ ውስጥ የእውነት ያለ ነገር ናቸው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሌሎች ሂሳብ አዋቂዎች ይሄን ሀሳብ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፣ ማክስዌል ግን በ40 አመት የሚበልጠውን ሰውዬ ነገር ከልቡ ይዞ ወደ ሂሳብ ቀየረው። በ1861 በበጋው እረፍት ግሌንሌር ሆኖ ሲሰራ ከሂሳቡ ውስጥ ማዕበል ወጣበት፣ ማለት የኤሌክትሪክና የማግኔት ነውጥ በባዶ ቦታ ሊጓዝ እንደሚችል፣ ፍጥነቱንም ለማወቅ ቬበርና ኮልራውሽ የሚባሉ ጀርመኖች የለኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር ሚያስፈልገው፣ ቁጥሩ ግን ገጠር የለም፣ ስለዚህ ለንደን እስኪመለስ መጠበቅ ነበረበት። ሲመለስ ቁጥሩን አስገባ፣ በሰከንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ወጣ። ፊዞ የሚባለው ፈረንሳዊ ደሞ የብርሃንን ፍጥነት ለክቶ ያገኘው 314,858 ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ጀርመኖቹ የለኩት ብርጭቆ ውስጥ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፣ ከብርሃን ጋር ምንም ሚያገናኘው የለም፣ መልሱ ግን ብርሃን ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ሙሉ ንድፈ ሀሳቡ በ1865 ታተመ፣ ያኔ 20 ኢኩዌሽን ነበረው፣ ዛሬ ተማሪ የሚያጠናቸውን አራቱን አሳጥሮ ያወጣቸው ኦሊቨር ሄቪሳይድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው።

ጋዝ ላይ የሰራውም ቀላል አይደለም፣ የሞለኪውሎችን ፍጥነት አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ ስንቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ በስታቲስቲክስ አስልቷል። ለንደን ቤቱ ጣሪያ ስር ባለች ክፍል ውስጥ የአየርን ሰበቃ ሲለካ ክፍሉ በጣም መሞቅ ስላለበት፣ በዛ በበጋ ሀሩር እሳት እየማገደች የነበረችው ሚስቱ ካትሪን ነች፣ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ተጥዶ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኖ። የሷ ስም ከስራው ጋር ሲነሳ ብዙም አለመሰማቱ ልክ አይመስለኝም።

በ1871 የካምብሪጁ ካቬንዲሽ ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ፕሮፌሰር ሆኖ ህንጻውን አሰርቶ በ1874 ተከፈተ። በ1879 ህዳር ላይ እናቱን በገደላት በዛው በሽታ በ48 አመቱ ሞተ፣ ግሌንሌር አጠገብ ፓርተን በሚባል ቤተክርስቲያን ግቢ ተቀበረ።

ከሱ ሞት በኋላ ባሉት አመታት፣ እስከ 1888 ድረስ፣ ሃይንሪሽ ሄርትዝ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ጀርመን ካርልስሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያስነሳ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ በምንም ያልተያያዘ ክብ ሽቦ ክፍተት ላይም ትንሽ ብልጭታ አየ። በመሀላቸው ያለፈው ማክስዌል በወረቀት ላይ ያገኘው ማዕበል ነበር።