ከርቀት ሆኖ በክላየንት ኮምፒውተር ላይ ፋይል ማመቅና መፍታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየቅርንጫፉ የተበተኑ ኮምፒውተሮችን (ክላየንቶችን) ከአንድ ጠረጴዛ ሆኖ የሚንከባከብ ባለሙያ፣ ዲስኩ የሞላ ማሽን፣ ታምቀው መምጣት ያለባቸው የሎግ ፋይሎች (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብባቸው) ወይም በ30 ማሽኖች ላይ መፈታት ያለበት አንድ ጥቅል ሳይገጥመው አይቀርም። መፍትሔው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ይመስላል። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው ስሕተቶች ግን አብዛኞቹ የመጡት ትእዛዙን አሳስቶ ከመጻፍ ሳይሆን፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው የትኛው ማሽን እንደሆነ ካለመጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸውን አመለካከቶች ከባልደረቦቼ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹንም እኔ ራሴ አምኜባቸው ነበር።

«ፋይሉ ያለው እዚያ ስለሆነ፣ የሚታመቀውም እዚያው ነው።»

ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋውና ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ባለሙያው የቅርንጫፉን ኮምፒውተር ዲስክ በሼር (በኔትወርክ በተጋራ አቃፊ) በኩል ይከፍታል፤ አቃፊው በራሱ ማሽን ላይ ያለ መስሎ ይታየዋል፤ ከዚያም በራሱ የትእዛዝ መስኮት የማመቂያውን ትእዛዝ ጽፎ የአቃፊውን የኔትወርክ አድራሻ ይሰጠዋል። ትእዛዙ የሚሠራው ግን እርሱ በተቀመጠበት ማሽን ላይ ነው። ለማመቅ እያንዳንዱን ባይት ማንበብ የግድ ስለሆነ ፋይሉ በሙሉ መጠኑ በመስመሩ ተጉዞ ይመጣል፤ የታመቀው ውጤት እዚያው አቃፊ ውስጥ ይቀመጥ ከተባለም ተመልሶ ይሄዳል። በቁጥር ብናሰላው፣ 2 ጊጋባይት የሚሆን የሎግ አቃፊ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ለመምጣት ብቻ፣ ሌላ ማንም መስመሩን ባይጠቀም እንኳ፣ 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወደ አንድ አሥረኛው ቢታመቅ፣ 200 ሜጋባይቱን መልሶ ለመላክ 3 ደቂቃ ገደማ ይጨመርበታል። ሥራው በርቀቱ ማሽን ላይ ቢከናወን ኖሮ በመስመሩ የሚያልፈው አንድ አጭር ትእዛዝና መልሱ ብቻ በሆነ ነበር፤ ጥቅሉን ማምጣት ካስፈለገም 3 ደቂቃዋ ትበቃለች።

ስለዚህ ትእዛዙ ራሱ እዚያ ማሽን ላይ መነሣት አለበት። በዊንዶውስ ይህን የሚያደርገው ፓወርሼል በተባለው የትእዛዝ መሣሪያ ውስጥ ያለው ኢንቮክ-ኮማንድ ሲሆን፣ የሚያልፈውም ዊንአርኤም በተባለው የርቀት ማስተዳደሪያ አገልግሎት በኩል በፖርት 5985፣ በኤችቲቲፒኤስ ሲሆን ደግሞ በ5986 ነው። በሊኑክስና በማክ፣ እንዲሁም አገልግሎቱ በተከፈተባቸው የዊንዶውስ ማሽኖች፣ ኤስኤስኤች (በርቀት ማሽን ላይ ትእዛዝ መስጫ የተመሰጠረ ግንኙነት) ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

«ኮምፓክት ማድረግና ዚፕ ማድረግ አንድ ነው።»

የዊንዶውስ ኮምፓክት የተባለው ትእዛዝ ፋይሉን ወደ ሌላ ፋይል አይቀይረውም። የሚያደርገው፣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዲስክ አደረጃጀት እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 3.51 ጀምሮ የያዘውን የማመቅ ችሎታ በዚያ ፋይል ወይም አቃፊ ላይ ማብራት ነው። የፋይሉ ስም አይለወጥም፤ ፕሮግራሞችም እንደ ቀድሞው ይከፍቱታል፤ የሚቀንሰው በዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ብቻ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ ኮምፓክት የተደረገ ፋይል በኔትወርክ ሲቀዳ እየተፈታ በሙሉ መጠኑ ስለሚጓዝ፣ ለመስመሩ የሚያተርፈው ነገር የለም። ዲስኩ ለሞላበትና ብዙም የማይነካ የቆየ ሎግ ለያዘ ማሽን ኮምፓክት መልካም ምርጫ ነው፤ ፋይል ለማምጣት ግን ጥቅል መሥራት ያስፈልጋል። በኢኤፍኤስ (በዊንዶውስ በራሱ የፋይል መመስጠሪያ) የተመሰጠረ ፋይል አብሮ ኮምፓክት ሊሆን እንደማይችልና ክላስተሩ (ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የዲስክ ክፍል) ከ4 ኪሎባይት በሚበልጥ ዲስክ ላይም ይህ ዓይነቱ ማመቅ እንደማይሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

የስሞቹ መመሳሰልም ሰውን ያደናግራል። ኮምፓክት የተደረገውን ወደነበረበት የሚመልሰው ያው ኮምፓክት ከ«ዩ» ምርጫ ጋር ነው እንጂ ኤክስፓንድ የሚባለው ትእዛዝ አይደለም። ኤክስፓንድ ካብ የተባሉትን የማይክሮሶፍት ጥቅሎች የሚፈታ ነው።

«መጀመሪያ በሁሉም ክላየንት ላይ የማመቂያ ፕሮግራም መጫን አለበት።»

አያስፈልግም። ታር፣ ስሙ ከቴፕ መዝገብ የመጣው የ1979 የዩኒክስ ማሸጊያ መሣሪያ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ድሮም ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም 1803 ጀምሮ በዊንዶውስ ውስጥም አብሮ ይመጣል፣ ዚፕም መፍታት ይችላል። ፓወርሼል ደግሞ ከ5.0 ጀምሮ ኮምፕረስ-አርካይቭ እና ኤክስፓንድ-አርካይቭ የተባሉ ትእዛዞች አሉት። እኔ በኮምፕረስ-አርካይቭ ላይ ለትልቅ ሥራ አልተማመንም፤ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ከበለጠ አይቀበልም፣ የተደበቁ ፋይሎችንም ሳይናገር ያልፋቸዋል።

«በእኔ ማሽን ላይ የሠራው መስመር እዚያም እንዲሁ ይሠራል።»

የርቀቱ ማሽን የሚያውቀው የራሱን ዲስክ፣ የራሱን ተጠቃሚና የራሱን መንገድ ነው። እርስዎ በማሽንዎ ላይ ዜድ ብለው ያገናኙት የኔትወርክ ድራይቭ እዚያ የለም። በኢንቮክ-ኮማንድ ወደ አንድ ማሽን ገብቶ ከዚያ ጥቅሉን ወደ ሦስተኛ ማሽን ሼር ለመጻፍ የሚሞክር ሰውም በሁለቱም ቦታ ፈቃድ እያለው ይከለከላል፤ የመግቢያ ማረጋገጫው ከመጀመሪያው ማሽን አልፎ እንዲሻገር በነባሪው ሁኔታ ስለማይፈቀድ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥም በኤስኤስኤች የተጀመረ ረጅም ሥራ አብሮ ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ መስመሩ አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ሥራውን፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥም እንዲቀጥል በሚያደርጉት በቲመክስ ወይም በኖሃፕ ውስጥ ማስጀመር ግድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የጎዳኝ ግን ኮከቧ (*) ናት። በርቀት ባለ የሊኑክስ ማሽን ላይ ያሉ 70 ያህል የሎግ ፋይሎችን ለማሸግ በኤስኤስኤች በኩል የታር ትእዛዝ ሰጠሁ፤ «በሎግ የሚያልቁትን ሁሉ» ለማለትም ኮከብ ጻፍሁ፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ግን አላስገባኋትም። እንዲህ ስትጻፍ ኮከቧን የሚተረጉማት፣ ገና ትእዛዙ ሳይላክ፣ በእኔ ማሽን ላይ ያለው ሼል (የተጻፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ነው። እኔ በነበርሁበት አቃፊ ውስጥ «ሲስተም» የሚባል አንድ የሎግ ፋይል ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ኮከቧ በዚያ ስም ተተካች፤ በርቀቱ ማሽንም በዚሁ ስም የሚጠራ ፋይል ስለነበር ታር ምንም ስሕተት ሳያሳይ እርሱን ብቻ አሽጎ ጨረሰ። ጥቅሉን ሳመጣው 300 ኪሎባይት እንኳ አልሞላም። ሎግ በደንብ እንደሚታመቅ ስለማውቅ ደስ አለኝ፤ ቀጥዬም ቦታ ለማስለቀቅ የርቀቱን አቃፊ አጠፋሁት። የ3 ወር መዝገብ እንዲህ ጠፋ። መስመሩን በሙሉ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አድርጌው ቢሆን ኮከቧ እንዳለች ተሻግራ እዚያው በተተረጎመች ነበር።

«የማመቂያው ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል።»

በዚፕና በሊኑክስ በተለመደው ማመቂያ በጂዚፕ ውስጥ ያለው ዲፍሌት የተባለው ዘዴ ያለፈውን 32 ኪሎባይት እያስታወሰ የተደጋገመውን በአጭር ጥቆማ ይተካል፤ ቀጥሎም ለሚበዙት ምልክቶች አጭር ኮድ ይሰጣል። ስለዚህ ትርፉን የሚወስነው ከደረጃው ይልቅ የፋይሉ ጠባይ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት መወከያ ሥርዓት) የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ በጣም ይታመቃል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ሲይዝ፣ በዋናው የግእዝ ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሁለተኛውም ከ6 ዋጋዎች አንዱ ነውና። በአንጻሩ የጄፔግ ፎቶና የኤምፒ4 ቪዲዮ ቀድሞውንም የታመቁ ናቸው፤ ከ2007 ወዲህ ያለው የወርድ ሰነድም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ፣ እነዚህን በከፍተኛው ደረጃ ማመቅ የማሽኑን ጉልበት በከንቱ መጨረስ ነው።

የሚደክመው ማሽን ደግሞ ሌላ ሰው የሚሠራበት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ኤክስዚ የተባለው ሌላ ማመቂያ በደረጃ 9 ሲያምቅ 674 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው የጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይህን ማስነሣት የሰው ሥራ ማስተጓጎል ነው፤ እኔ በሥራ ሰዓት ከጂዚፕ መደበኛ ደረጃ አላልፍም።

«ዲስኩ ከሞላ ማመቅ አይቻልም።»

ጂዚፕ ዋናውን ፋይል የሚያጠፋው አዲሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ለጊዜው ሁለቱም ቦታ ይይዛሉ፤ አመለካከቱ የመጣውም ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ በኤስኤስኤች በኩል ታር ጥቅሉን በፋይል ፈንታ ወደ ውጤት መስመሩ እንዲጽፍ፣ ማለትም በፋይሉ ስም ቦታ ሰረዝ በመስጠት፣ ማዘዝ ይቻላል። ማመቁ እዚያ ይከናወናል፤ የታመቀው እየፈሰሰ መጥቶ እዚህ ዲስክ ላይ ያርፋል፤ በሞላው ማሽን ላይ ለጥቅሉ ምንም ቦታ አይያዝም። ጥንቃቄ የሚያሻው ተቀባዩ ፓወርሼል ሲሆን ነው፤ ከ7.4 በፊት ያሉት ዕትሞች የሚፈሰውን ባይት እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥሩት ጥቅሉ ተበላሽቶ ይደርሳል።

«ስሙ በአማርኛ የሆነ ፋይል በዚፕ ይበላሻል።»

ይዘቱ አይነካም። ሊበላሽ የሚችለው ስሙ ነው፤ የዚፕን አሠራር የሚደነግገው ሰነድ፣ የፋይሉ ስም በዩቲኤፍ-8 መጻፉን የሚያሳውቅ ምልክት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለሆነ፣ ያን የማያከብር አሮጌ መሣሪያ ስሙን ትርጉም የለሽ ምልክት ያደርገዋል። በሁሉም ማሽን ላይ ከማሰማራት በፊት በአንድ ፋይል አሽጎና ፈትቶ ማየት ይበቃል።

«ስሕተት ካላሳየ ጥቅሉ ደህና ነው።»

ጥቅሉ መድረሱን ለማረጋገጥ በሁለቱም ማሽን ላይ የኤስኤችኤ-256 አሻራውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አውጥቶ ማስተያየት ይገባል፤ በፓወርሼል ጌት-ፋይልሃሽ ይህን ይሠራል። ጂዚፕ ከ«ቲ» ምርጫ ጋር ሲጠራ ደግሞ ጥቅሉ በውስጡ ያልተበላሸ መሆኑን ይፈትሻል። ሁለቱም ግን በጥቅሉ ውስጥ መግባት የነበረበት ሁሉ ስለመግባቱ አይመሰክሩም፤ የእኔ የ300 ኪሎባይት ጥቅል ሁለቱንም ፈተና ያልፍ ነበር። ለዚህ ያለው መንገድ ምንም ነገር ከመጥፋቱ በፊት የጥቅሉን ዝርዝር አውጥቶ ከርቀቱ አቃፊ ጋር ማመሳከር ነው፤ በታር ይህ «ቲኤፍ» ከሚባሉት ሁለት ፊደላት የበለጠ አይጠይቅም። በዚያ ቀን ጽፌያቸው ቢሆን በመስኮቱ ላይ የማየው አንድ መስመር ብቻ ነበር።