ዲስኩ ቦታ እያለው «ሞልቷል» የሚለው ለምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ያለው ወንድሜ የጥምቀት ፎቶ ሲገለብጥ የሊኑክስ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» አለው። 1 ቴራባይት ከሆነው ዲስክ ወደ 50 ጊጋባይት ግን አልተነካም። ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ ፋይሎችን በዲስኩ ላይ የሚያደራጅበት ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት፣ ካልቀየሩት በቀር፣ 5 በመቶውን ለሲስተሙ አስተዳዳሪ ይይዛል። ዲስኩ ቢሞላም አስተዳዳሪው ገብቶ ማስተካከል እንዲችል ነው።

የተያዘው ቦታ ለፍጥነትም ይረዳል። በጥምቀት ዕለት አምስት ሆናችሁ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር አርፍዳችሁ ብትደርሱ አንድ ላይ የምትቆሙበት አታገኙም፤ ባገኛችሁት ክፍተት ትበታተናላችሁ። ዲስክ ጢም ሲል ፋይልም እንዲሁ ተቆራርጦ ይቀመጣል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቁርጥራጩን ለመልቀም ወዲያ ወዲህ ሲል ይንቀራፈፋል።

ፎቶ ብቻ ለሚቀመጥበት ዲስክ 1 በመቶ ይበቃል ባይ ነኝ። ሲስተሙ ያለበትን ግን እባካችሁ አትንኩት።