ማዮማን ደም ስር በመድፈን ማከም፦ የጎንዮሽ ጉዳቶቹና ስጋቶቹ

ኢምቦላይዜሽን በማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅለውን ካንሰር ያልሆነ እጢ፣ ማለትም ማዮማን፣ የሚመግቡትን ደም ስሮች በመድፈን እጢው እንዲሟሽሽ የሚያደርግ ሕክምና ነው። ራሱን የቻለ የማዮማ ሕክምና ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ከፈረንሳይ በወጣ የጥናት ዘገባ ነው። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ስር አስገብቶ፣ በራጅ እየተከታተለ የማህፀን ደም ስሮች ድረስ ያደርሰውና ደም ስሮቹን የሚደፍኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ እንክብሎችን ይለቃል። ሆድ ሳይከፈት ስለሚከናወን ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ ይህ ግን ከአደጋ ነፃ አያደርገውም።

ደም የተቋረጠበት እጢ መሞት ሲጀምር ቁርጠት የመሰለ ብርቱ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና መጠነኛ ትኩሳት ይከተላሉ። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስለሚበረታ ጠንካራ ማስታገሻ ያስፈልጋል፤ ስሜቱ በጥቅሉ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ይበርዳል። ታካሚዋ ከሁሉ በላይ ለይታ ልታውቀው የሚገባው ይህን የሚጠበቅ ትኩሳት ከኢንፌክሽን ትኩሳት ነው። ከቀናት እፎይታ በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ፣ ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ፣ ሕመሙ ከባሰ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው፤ ካልታከመ ማህፀን እስከ ማስወጣት፣ አልፎ አልፎም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ወደ ማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ የተጠጋ ማዮማ ደግሞ ተቆራርሶ በብልት በኩል ሊወጣ ይችላል፤ በማህፀን በር ላይ ከተቀረቀረ በሐኪም መወገድ አለበት።

ካቴተሩ የገባበት ቦታ ሊደማ ወይም ደም ሊቋጥር፣ ደም ስሮቹ በራጅ እንዲታዩ የሚሰጠው ፈሳሽ አለርጂ ሊያስነሳ ወይም ኩላሊትን ሊጎዳ፣ በእግር የረጋ ደምም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

እንክብሎቹ ወደ እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ደም ስር ካለፉ የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህም በተለይ ከ45 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይታያል። ከሕክምናው በኋላ ያረገዙና የወለዱ ሴቶች አሉ፤ ሆኖም የፅንስ መጨንገፍ ስጋት ከፍ ሊል ስለሚችል ልጅ የምትፈልግ ሴት ማዮማውን ብቻ ስለሚያወጣው ቀዶ ሕክምናም አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መምከር ይኖርባታል።

የማዮማው ችግር ሊመለስም ይችላል። በብሪታንያ በ157 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ኢምቦላይዜሽን ከተደረገላቸው 32 በመቶው ተጨማሪ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው፣ በቀዶ ሕክምና፣ በአብዛኛው ማህፀንን በማስወጣት፣ ከታከሙት ግን 4 በመቶው ብቻ ነበሩ። እጢው ወጥቶ በላቦራቶሪ ስለማይመረመር ማዮማ መስሎ የተደበቀ ካንሰር ሊታለፍም ይችላል፤ ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ማደጉን የቀጠለ እጢ እንደገና መመርመር አለበት።